ቁጭ በይ፣ ውቢት

ሽማግሌዎቹ ፀጉር ቤቴ በር ላይ ሲቆሙ የአንዲት ደንበኛዬን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለልኩ ነበር። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የከባድ መኪና ሹፌሮች። ሸሚዛቸውን አስተኩሰዋል፣ ጫማቸውን አስጠርገዋል፣ የአንደኛው ጆሮ ላይ ግን ግራሶ ቀርቷል። ፊታቸው እንደዚያ ኮስተር ብሎ ሳይ ሰው የሞተ መስሎኝ ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ።

«ምነው ጉታ? ምን ሆናችሁ?»

ጉታን እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 ሰፈር ውስጥ የማያውቀው አበሻ የለም። ከሞጆ ጅቡቲ ሲመላለስ የሸበተ፣ ሲስቅ ሰፈሩን የሚያናጋ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ፈገግም አላለ።

«ኧረ ቁጭ በሉ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አለ ጉታ። «ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነው። እሺ ካላሉን አንቀመጥም።»

ሁልጊዜ «አንቺ ሜሪ» የሚለኝ ሰው በአንድ ጊዜ አንቱ ሲለኝ ነገሩ ገባኝ። ሽምግልና ነው! ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፤ «ተቀመጡ» ተብሎ ከተቀመጠ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ምኑንም ሳላውቅ ወንበር እያሳየሁ ነው። ደግነቱ ጉታ ጨዋ ሰው ነው፤ በስህተቴ አልተጠቀመም።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

ልጅ የተባለችው ውቢት ናት፤ አርባን ልትደፍን ጥቂት የቀራት ሴት። «ልጃችን» የተባለው ደግሞ ደምመላሽ ነው፤ ግንባሩ ወደ አናቱ የሸሸ የተሳቢ ሹፌር። እኔም የውቢት እናት አይደለሁም፤ ብበልጣት በአምስት ዓመት ነው። ግን ጅቡቲ ውስጥ ከእኔ የቀረበ ሰው የላትም። ከፀጉር ቤቴ ጀርባ አንዲት ክፍል አለችኝ፤ በሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩ አራት ሴቶች አዋጥተው ይከራዩዋታል። ሻንጣቸውን እዚያ ያስቀምጣሉ፤ ዓርብ ዓርብ ሲያርፉ እዚያ መጥተው እግራቸውን ይዘረጋሉ፣ እንደ ልባቸው በአማርኛ ይሳሳቃሉ፣ ካስፈለገም ያለቅሳሉ። ክፍሏን መጀመሪያ የተከራየችው ውቢት ናት። ስለዚህ ቤተሰብ ነኝ፤ ቤተሰብ እንደሚያደርገውም ጉሮሮዬን ጠርጌ መለስኩ።

«እናስብበት፤ ልጅቷንም እንጠይቅ። የዛሬ ሳምንት ዓርብ ኑና መልሱን ስሙ።»

ሳይቀመጡ ወጡ። ፀጉሯን ግማሽ ድረስ የጠቀለልኩላት ሶማሌ ደንበኛዬ ነገሩን ስነግራት እልል ልትል ከወንበሯ ተነሳች። «ገና ነው፣ ገና ነው» ብዬ ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት።

ስለ ሁለቱ ልንገራችሁ። ደምመላሽ የውቢት እናት ከወንጂ የምትልከውን በርበሬና ሽሮ ለዓመታት ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። እዚህ ያለነው ሁሉ የአገራችንን ቅመም የምናገኘው በሹፌር እጅ ነው፤ ሌላው ሹፌር ግን «መጥተሽ ውሰጂ» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ደምመላሽ እንደዚያ አይደለም። የውቢትን በርበሬ ከመቀመጫው ኋላ ያለችው አልጋ ላይ ያስተኛና እሱ መሪው ላይ ተደፍቶ ያድራል። ከዚያ በታክሲ ኤሮን ሰፈር፣ ውቢት የምትሠራበት ማዳም ቤት ድረስ ይወስደውና ግቢው በር ላይ ይቆማል። «ሰላም ነሽ?» ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። አለቀ። ሌላው በአበባ ይተጫጫል፤ እነዚህ በበርበሬ ተጫጩ።

ውቢት ጅቡቲ የመጣችው «ለሁለት ዓመት» ብላ ነው። ሁላችንም እንደዚያው ብለን ነው የመጣነው። እሷ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የማዳምን ሦስት ልጆች አሳድጋለች፤ በፈረንሳይኛ የቤት ሥራ ታሠራቸዋለች፣ ሲያጠፉ በሶማልኛ ትቆጣቸዋለች፣ ሲተኙ በአማርኛ እሹሩሩ ትላቸዋለች። ከአፋር ሴቶች በአፋርኛ ወተት ትገዛለች፤ ከየመኖቹ ጋር በዓረብኛ ስለ ዓሣ ትከራከራለች። አንዱ ልጅ ሲያተኩሰው ማዳም መጀመሪያ የምትጠራው ሐኪሙን ሳይሆን ውቢትን ነው። ብዙ ጎበዝ ሴት አይቻለሁ፤ እንደ እሷ ያለች ግን አላየሁም። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያት አላውቅም፤ ትኮራብኛለች ብዬ ነው።

አንድ አመል ግን አለባት። ቁጭ ብላ አትበላም። እኔ ቤት ስትመጣ እንኳ ምግብ አቅርቤ ዞር ስል እሷን የማገኛት ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ፣ በአንድ እጇ ስትጎርስ በሌላው ድስት ስታጥብ ነው።

ስለ ሽማግሌዎቹ ስነግራትም ድስት እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘጋች። እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ፊቷ ቀላ።

«አብረን መብላት ከቻልን እሺ በያቸው» አለች።

«ደግሞ ይኼ ምን ማለት ነው?»

«ይኼን ሁሉ ዓመት ሰው ሲበላ ቆሜ አየሁ። እነሱ ሲጠግቡ ደግሞ ብቻዬን በላሁ። ባል ብዬ ሌላ የማበላው ሰው አልፈልግም ሜሪ። አብሮኝ የሚበላ ሰው ነው የምፈልገው። ሀብት አልጠይቅ፣ ቤት አልጠይቅ። ይኼ ካልሆነ ማዳም ቤት ይሻለኛል፤ እዚያ ቢያንስ ልጆቹ ይወዱኛል።»

ነገሩ ቀላል መስሎኝ ሳቅኩባት። አብሮ መብላት ምን አለው? ደግሞ ጊዜውም ተመቻችቶልን ነበር። ጥር ነው፤ በበጋ ሰውን የምታነደው ፀሐይ በጥር ትከሻ ብቻ ነው የምታሞቀው። ማዳም ለትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቿን ይዛ ወደ አርታ ተራራ ወጥታለች፤ ለውቢትም እስክትመለስ ፈቅዳላታለች። ደምመላሽ የሚጭነው ማዳበሪያ ያለበት መርከብ ወደብ አልገባም፤ መኪናውን ከከተማ ውጭ አቁሞ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ዕቅዱን እኔ አወጣሁ። ሳምንቱን እንደ ቱሪስት እንሆናለን፤ እናያለን፣ እንገዛለን፣ ውጭ ውጭ እንበላለን። ሁለቱ አንድ ጊዜ አብረው ከበሉ ለሽማግሌዎቹ «ቁጭ በሉ» እላለሁ። እኔም ለጨዋነት ብዬ እከተላቸዋለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ወሬው እንዳያመልጠኝ ነው።

ከምኒልክ አደባባይ ጀመርን። ውቢት አደባባዩን እንደ ቤቷ ታውቀዋለች። የትኛው በረንዳ ሥር ጥላ ቶሎ እንደሚገባ፣ የትኛው ዘበኛ ልጆች ሽንት ቤት እንደሚያስገባ፣ የማን አይስክሬም ቶሎ እንደማይቀልጥ እየነገረች አዞረችን። «እዚህ ጋ የመካከለኛው ልጅ ጥርስ ወለቀ» አለች አንድ ነጭ ምሰሶ እየዳበሰች። ደምመላሽ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። ጅቡቲ ማለት ለእሱ ወደብ፣ አቧራና ወረፋ ነበር፤ እነዚያን ነጫጭ ቅስቶችና በጥላው ሥር የተደረደሩትን ጠረጴዛዎች ቀና ብሎ አይቷቸው አያውቅም።

«ቆንጆ ከተማ ነው ለካ» አለ። ይህን ያለው ግን ውቢትን እያየ ነው።

ካፌ ገባን። ለካ ውቢት ያን ሁሉ ዓመት በአጠገቡ ስታልፍ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ጫፉ ላይ አረፈች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። አስተናጋጁ ኦምሌትና ባጌት ይዞ ሲመጣ ብድግ ብላ ሰሐኑን ከእጁ ተቀበለችው። ለደምመላሽ ዳቦ ቆረሰችለት፣ ጨው አቀረበችለት፣ የፈሰሰ ውሃ ጠረገችለት። በመጨረሻ ሹካዋን ስታነሳ የደምመላሽ ሰሐን ታጥቦ የተቀመጠ ይመስላል። ሹፌር እኮ ነው፤ አይበላም፣ ይጭናል! በልቶ ሲያበቃም ተነስቶ ከምሰሶው አጠገብ ቆመና መኪናው እዚያ የቆመች ይመስል መንገዱን ማየት ጀመረ።

ውቢት ባዶውን ሰሐን አየች። ሹካዋን መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ እጇ በራሱ ሠራ፤ ሰሐኖቹን ደራረበች፣ ፍርፋሪውን በመዳፏ ሰበሰበች፣ ተሸክማ ገብታ ባንኮኒው ላይ አኖረችና ስፖንጅ ጠየቀች። ወፍራሙ ባለቤት ከላይ እስከ ታች አያትና በሶማልኛ፣ «መቼ መጀመር ትችያለሽ?» አላት።

እኔ በሳቅ ልሞት ደረስኩ። ውቢት አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

«ቁጭ በይ እንጂ አንቺ!» ብዬ ጮህኩባት። የዚያን ሳምንት ጩኸቴ እንደዚያ ተጀመረ።

በማግስቱ ገበያ ወጣን። እስቲ ያን ቀን ውቢትን ባያችኋት! ካፌ ውስጥ መቀመጫዋ የጠፋባት ሴት ገበያው መሃል እንደ ጄኔራል ትራመዳለች። ሻሽ ሻጯ በዓረብኛ ዋጋ ስትጠራባት በዓረብኛ ሳቀችባት፤ ሽቶ ሻጩ በፈረንሳይኛ ሲያባብላት ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተችና በሶማልኛ «ይኼስ ውሃ ነው» ብላ መለሰችለት፤ በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች አጨበጨቡ። ለእናቷ ነጠላ ጫማ፣ ለእህቷ ልጆች ቲሸርት፣ ለደምመላሽ እናት ለጉልበቷ የሚሆን ቅባት መረጠች። ደምመላሽ ጉልበቷን እንደሚያማት አንድ ጊዜ በር ላይ አንስቶ ነበር፤ እሱ ራሱ መናገሩን ረስቶታል። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አየሁት፣ ፊቱን ወደ ቲማቲሞቹ አዞረ።

ለራሷ ግን ምንም አልገዛችም። በግድ አንድ ድሪያ ቀሚስ ላይ አቆምኳት፤ ስስ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ዳርና ዳሩ በብር ክር የተሠራ። ትከሻዋ ላይ ስትጥለው የገበያው ፀሐይ ሁሉ እሷ ላይ ያረፈ መሰለኝ።

«እንዴት ነው?» አለችው ደምመላሽን እያፈረች።

ደምመላሽ አሰበ፣ አሰበ። «ልክ እንደ መኪናዬ ነው» አለ።

ግንባሬን መታሁ። ውቢት ግን ፈነደቀች፤ ያ ሰው ከመኪናው የሚበልጥበት ነገር እንደሌለ ታውቃለቻ። ድሪያውን ገዛላት፤ እስከ ማታም አላወለቀችውም። ምሳችንን እዚያው ገበያ ጥግ ሳምቡሳ በላን። በላን አልኩ እንጂ እኔና ደምመላሽ በላን። እሷ ስታድል፣ ሎሚ ስትጨምቅ፣ ለአንዲት ለማኝ ስታካፍል ሳምቡሳው አለቀ። «ቁጭ ብትይ ኖሮ ይደርስሽ ነበር» አልኳት።

የሁለቱ ነገር የገባኝ ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር ነው። ደምመላሽ ማየት የፈለገው እሱን ነበር። ተዘግቷል፤ ሐዲዱ ዝጎ በሣሩ መካከል ፍየል ይግጣል። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ እንደ ቤተ ክርስቲያን ተሳለመው።

«ይህ ባቡር ሲቆም ነው እኛ እንጀራ ያገኘነው» አለ። «አዲሱ ባቡር ደግሞ መጥቶ እየተሻማን ነው። ዓለም ተራ ናት።»

«ቀስ ብለህ ብላው ታዲያ፣ ያንን እንጀራ» አለችው ውቢት። ቀልዳ ነው፤ ግን ከልቧም ነው።

እሱም ነገራት። ወጣት ሳለ በረሃ መሃል ያለች አንዲት ከተማ ላይ ርቦት፣ መኪናውን አቁሞ፣ እንደ ሰው ቁጭ ብሎ ጥብስ አዘዘ። በልቶ ሲወጣ የኋላው ሸራ ተቀዷል፤ ጭነቱ ግማሹ የለም። «ከዚያ ወዲህ ጎማዬን ተደግፌ ነው የምበላው። ቆሜ፣ ዓይኔን ከመኪናው ሳላነሳ። ወንበር ላይ ስቀመጥ የሆነ ሰው ሸራውን የሚቀድድ ይመስለኛል።»

ውቢትም የራሷን ነገረችው። እኔ እንኳ ሰምቼው አላውቅም። ጅቡቲ ስትመጣ መጀመሪያ የተቀጠረችው ሌላ ቤት ነው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ቀን ወጥ ቤት ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ ምሳዋን ስትበላ እመቤቲቱ ገባች። አልተቆጣችም፣ ክፉ ቃልም አልተናገረችም። በማግስቱ ውቢት ወጥ ቤት ስትገባ ዱካዋ የለችም።

«ቃል ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «የአሁኗ ማዳም ደግ ናት፤ ስንት ጊዜ ተቀመጪ ብላኛለች። እሺ እላለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ግን እህሉ አይወርድልኝም። ዱካዋ ከሥሬ የምትነሳ ነው የሚመስለኝ።»

ደምመላሽ ኮፍያውን ገልብጦ ገልብጦ መልሶ አደረገ። እኔ ፍየሎቹን ቆጠርኩ። በሆዴ ግን እነዚህ ሁለት ሰዎች ለአንድ ማዕድ የተፈጠሩ ናቸው፣ ማዕዱ ብቻ ነው የጠፋው አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ሁሉም ነገር ተበላሸ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ባሕር ዳር ካለ፣ ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ከለበሰ ሬስቶራንት ካልገባን ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ባሕሩ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ ጀልባዎቹ ይወዛወዛሉ፤ ነፋሱ ፀጉሬን ቢያበላሸውም እንኳ ወደድኩት። ውቢት ሰማያዊ ድሪያዋን ለብሳለች። ሃያ ዓመት ያህል ጅቡቲ ስኖር ከተማዋ እንደዚያ ቀን አምራብኝ አታውቅም።

ደምመላሽ ቀስ ብሎ ሊበላ ለራሱ ምሏል። አንዲት ቁራሽ ሥጋ አፉ ውስጥ አድርጎ እንደ ፍየል ያመነዥካል። ያመነዥካል፣ ያመነዥካል፤ በላብ ተጠመቀ። በመጨረሻ ልማዱ አሸንፎት በአንዴ ሲውጠው ጉሮሮው ላይ ቀረ። እኔ ገና «ወይኔ!» ሳልል ውቢት ከወንበሯ ተነስታ ጀርባውን መታች፣ ውሃ አጠጣች፣ አፉን በጨርቁ ጠረገች። በዚህ ብታበቃ ጥሩ ነበር። ግን ሰሐኑን ወደ ራሷ ስባ ለማዳም ትንሽ ልጅ እንደምታደርገው ሥጋውን ደቃቅ ደቃቅ አድርጋ ትቆርጥለት ጀመር። የሬስቶራንቱ ሰው ሁሉ ያያል።

ደምመላሽ ቀላ። «ተይኝ ውቢት!» አለ ድምፁ እንደታነቀ። «እኔ ሠራተኛ አልፈልግም!»

ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ሠራተኛ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ሥራዬ ነው፤ አላፍርበትም።»

እኔም ጥልቅ አልኩ። «ውቢት፣ ቁጭ በይ! ሰው ያያል፣ ቁጭ በይ!»

ወደ እኔ ዞረች። እንደዚያ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። «አንቺም ታዢኛለሽ? ሳምንቱን ሙሉ ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ። ማዳም እንኳ እንደዚህ አታዘኝም።» ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ደምመላሽ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። እኔ ከነጭ ጨርቁና ከሦስት ሰሐን ምግብ ጋር ቀረሁ፤ አንዱም አልወረደልኝም።

ክፍሏ ስደርስ ልብሷን እያጣጠፈች ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅርታ መጠየቅ አይሆንልኝም፤ ያን ቀን ግን ጠየቅኩ። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ።

«ነገ ሲመጡ አይሆንም በያቸው» አለች። «እወደዋለሁ ሜሪ። ግቢው በር ላይ ሲቆም ልቤ ነው የሚቆመው። ግን አብረን መብላት አልቻልንም፤ ዘመኔን ሙሉ ሳበላው፣ እሱም ሲያፍርብኝ ልኖር ነው? አልችልም። ቅዳሜ ማዳም ስትመጣ እመለሳለሁ።» ሰማያዊውን ድሪያ ሻንጣዋ ሥር ከተተችው። ሁለታችንም አለቀስን፤ ለዚያ ነው ክፍሏን የሠራኋት።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ደምመላሽ ፀጉር ቤቴ በር ላይ ቆመ። አልገባም፤ እሱ በር ላይ መቆም ነው የለመደው። ውቢት ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች።

«ትናንት ሠራተኛ አልፈልግም ያልኩት ሚስት ነው የምፈልገው ለማለት ነበር» አለ። «ግማሹ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ከሰዓት ይመጣሉ፤ መልስሽ ምንም ይሁን አልቀየምሽም። በርበሬሽንም ማምጣት አልተውም። ግን ለመጨረሻ ጊዜ ዓሣ ልጋብዛችሁ።»

ዓርብ ጾም ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትተን ሄድን።

የየመናዊው ዘይድ ዓሣ ቤት ነጭ ጨርቅ የለውም፣ ሹካም የለውም። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቆ፣ በቀይ ቅመም ለቅልቆ፣ እንደ ጉድጓድ የጠለቀው ምድጃ ውስጥ ያንጠለጥለዋል፤ ዳቦውንም ከምድጃው ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። የጁምዓ ሶላት ገና መውጣቱ ነው፤ ቤቱ ግጥም ብሏል። ዘይድ ግን ውቢትን ሲያይ እንደ እህቱ ሰላም አላት፤ ምድጃው አጠገብ ካለው ከፍ ያለ ባንኮኒ ላይ ወረቀት ዘረጋ፣ አንድ ትልቅ ዓሣና አንድ ትልቅ ዳቦ ጣለልን፣ «ጠረጴዛ እስኪለቀቅ» አለ በዓረብኛ።

ወዲያው አንድ ጠረጴዛ ተለቀቀ። እኔ ሮጥኩ። ካርቲየ 5 ውስጥ የኖረ ሰው ወንበር መሻማት ያውቃል፤ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ፣ አንዱ ላይ ቦርሳዬን፣ አንዱ ላይ እግሬን ጣልኩ። «ኑ!» ብዬ በእጄ ጠራኋቸው።

ደምመላሽ ጠረጴዛውን አየ። ከዚያ ውቢትን አየ፤ ወደ ወንበሮቹ ስጠራቸው ትከሻዋ እንዴት እንደወደቀ እኔ ያኔ ነው ያየሁት።

«ውቢት፣ እኔ እዚሁ ቆሜ ነው የሚመቸኝ» አላት። «አንቺስ?»

ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«እኔም» አለች።

እዚያው ቆመው መብላት ጀመሩ። ዓሣው ከምድጃ አሁን የወጣ ነው፣ ያቃጥላል፤ አጥንትም አለው፤ ደምመላሽ ቢፈልግም መጣደፍ አልቻለም። ጣቱን እየነፋ፣ አጥንቱን እየለየ፣ ትንሽ ትንሽ ይቆርሳል። ውቢት ደግሞ የምታቀርበው ሰሐን የለ፣ የምታነሳው ብርጭቆ የለ። በመካከላቸው አንድ ዓሣ፣ አንድ ዳቦ ብቻ። እጇን ሰደደች፤ ከሆዱ በኩል ያለውን ለስላሳውን ቆረሰችና ወደ ራሷ አፍ ወሰደችው። መጀመሪያ ራሷ! ይህን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ከዚያ አንድ ነገር አለችው፣ አፏ ሙሉ ሆኖ፤ እሱም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፣ ቅመሙ አገጯ ላይ ሆኖ። ደምመላሽ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቷል፤ ውጭ ስንት መኪና ሲያልፍ አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየም።

«ቁጭ በሉ!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አንድ የማላውቀው አዛውንት ወንበሮቼን እያየ ቆሞ ነበር። ሦስቱንም ለቀቅኩለትና ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ውቢት በክንዷ ገፋ አድርጋኝ ቦታ ሰጠችኝ፤ ከጅራቱ በኩል ትንሽ ቀርቶ ነበር፣ በላሁት።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሹፌሮች ተመልሰው መጡ። ሸሚዙ ያው ነው፤ ግራሶው ግን ከጆሮው ለቋል። ጉታ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በቀጠሮው መጥተናል። እሺ ካላሉን አንቀ—»

እኔ ማበጠሪያዎቼን መደርደር ጀመርኩ። ትንሽ ላስጨንቃቸው ብዬ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድል በየቀኑ አይገኝም። የጉታ ላብ በግንባሩ ሲወርድ አሳዘነኝ።

«ቁጭ በሉ» አልኩ።

ጉታ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ያለው ወንበር ላይ ዘጭ ሲል ጭንቅላቱን ከካስኩ ጋር አጋጨው። ያ ሳቁ ተመለሰ፤ ግድግዳው ተናጋ። ሦስቱም እኔን እየመረቁ፣ እርስ በርስ እየተሳሳሙ ሳለ የኋላው መጋረጃ ተገለጠ። ውቢት ናት፤ ሰማያዊውን ድሪያ ለብሳለች፣ በትሪ የሎሚ ጭማቂ ይዛለች። ይኸው ደግሞ ጀመራት አልኩ በሆዴ። ለእንግዶቹ አንድ አንድ ሰጠች፣ ለእኔም ሰጠች። ትሪው ላይ አንድ ብርጭቆ ቀረ።

ትሪውን መስተዋቱ ሥር አስቀመጠች። ያቺን ብርጭቆ አነሳች። እኔ ፀጉር ስሠራ የምቀመጥባትን ዱካ በእግሯ ስባ ሽማግሌዎቹ መሃል ተቀመጠች።

ጉታ ግራ ገብቶት አየኝ። በየትኛው አገር ሽምግልና ነው ልጅቷ ራሷ የምትቀመጠው?

«የእኔ ጉዳይ አይደል እንዴ?» አለች ውቢት። «ልስማ እንጂ።» ከጭማቂዋም ጠጣች።

ጉታ እግሩን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀላት። ቁጭ በይ ያላት ሰው አልነበረም።